ሁለተኛው ፍሬን

መኪና የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ በማስተማሪያ መኪና ውስጥ ፍሬኑ ሁለት ነው። አንዱ ከተማሪው እግር ሥር፣ ሁለተኛው ከአስተማሪው እግር ሥር። ተማሪው ሲደነግጥ፣ ሲያዛጋ፣ ወይም ፊት ለፊቱ ግድግዳ መኖሩን ሲረሳ አስተማሪው ይረግጥና ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ ይገባል። ይህ የምነግራችሁ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀኝ እግሩን በዚያች በሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ጭኖ የኖረ ነው። ሰፈሩም፣ ተማሪዎቹም፣ ከኋላው ጡሩምባ የሚነፉ ሾፌሮችም «ፍሬን» ብለው ነበር የሚጠሩት። ከጠዋት እስከ ማታ ከመኪናው መስኮት የሚወጣው ጩኸት ይኸው ነዋ።

«ፍሬን ያዝ! ፍሬን ያዝ አልኩህ! አንተ ክዳኑ የጠፋ ድስት!»

ስድቡ እንደ ሌላው ሰው ስድብ አልነበረም። እናት አባት አይነካም፣ ዘር አይጠራም፤ የቤት ዕቃ ላይ ብቻ ነው። ቀርፋፋውን «አንተ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ» ይለዋል። የነገሯትን የምትረሳዋን «አንቺ ውሃ የማይዝ ባልዲ»። መሪውን አንቆ የሚይዘውን «አንተ የተጠመዘዘ ፎጣ»። መንገደኛው ቆሞ ይስቅ ነበር። «ቀልደኛ እኮ ነው!» ይሉለታል። እንዲህ ከሚሉት ውስጥ አንድ እንኳ መሪ ጨብጦ ከጎኑ የተቀመጠ የለም። ከውጭ ቆሞ መሳቅማ ማን ያቅተዋል! ከውስጥ ያለው ላብ በላብ ሆኖ፣ ቤቱ ሲገባ ባልዲውን ማየት እያስጠላው ነበር የሚኖረው።

እግሩ ደግሞ ከመኪና ሲወርድም አያርፍም። አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ወለሉን ይረግጣል። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን ሲያፈጥን ይረግጣል። እራት ላይ ልጁ ወጡን ቶሎ ቶሎ ስትበላ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር «ዱብ» ይላል።

ልጁ አንድ ናት። እናቷ ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። ጸጉሯን የጎነጎነው እሱ ነው፤ ጠማማ አድርጎ። የወላጆች ስብሰባ የሄደው፣ ትኩሳቷን የለካው፣ ቀሚሷን የተኮሰው እሱ ነው፤ አንዱን አቃጥሎ። አሁን መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሐኪም የጻፈውን እንኳ ሳታጣራ የማትሰጥ፣ ሳቅ የምትቆጥብ ሴት ወጥቷታል። በሁለት ወር ውስጥ ልታገባ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የእጮኛዋ ወላጆች ለመተዋወቅ የመጡ ዕለት፣ የእጮኛዋ አባት መኪናቸውን ደጁ ላይ ሲያቆሙ ትንሽ ተንጋደደችባቸው። ፍሬን ሆዬ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳያይ ከመስኮቱ ብቅ አለና፣ «አንተ ሁለት ቦታ የያዝክ ፍራሽ!» አለ።

ፍራሹ በር አንኳኩተው ገቡ። አበባ ይዘው ነበር።

በማግስቱ ልጁ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በሰርጌ ቀን እጄን ይዞ የሚያስገባኝ ማን ይመስልሃል?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለሽ?»

«አጎቴ አለ።»

አጎቷ የእናቷ ወንድም ነው። ድመቱን እንኳ «እርስዎ» የሚል፣ ሲያስነጥስ ግድግዳውን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው። ፍሬን ይህን ሰው ሲያስብ ሁለቱም እግሮቹ ይረግጣሉ።

«ስማኝ» አለች። «መኪና አስተምረኝ። አንድ ሰዓት ብቻ። ከሰርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ። ባልዲ የለም፣ ድስት የለም፣ ፍራሽ የለም። ከቻልክ አንተ ትይዘኛለህ። አንዲት የቤት ዕቃ ከአፍህ ካመለጠች ግን አጎቴ ይይዘኛል። መቶ ሰው ፊት እንድታሰድበኝ አልፈልግም።»

«አንድ ሰዓት? ይቺ ደግሞ ምን አላት፣ አንቺ የተቀደደ ት...»

አፉን በመዳፉ ከደነ። ትራስ ነበር።

«ሁለት ወር አለህ» አለች። «ተለማመድ።»

ተለማመደ። ሰዓት እያየ፣ ጥርሱን ነክሶ። የመጀመሪያው ቀን አራት ደቂቃ ዘለቀ። ሁለተኛው ቀን ሦስት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጎኑ ያለችው ተማሪ መጋረጃ ሰፊዋ ነበረች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ በልብስ ስፌት መኪና ላይ ስትቀመጥ ጨርቁን እንደ ውሃ የምታፈስ፣ በዚህኛው መኪና ላይ ስትቀመጥ ግን የምትንቀጠቀጥ። ሦስት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ሦስቱንም ጊዜ ፈታኙ «ዙሪ» ሲላት የሰማችው የፍሬንን ድምፅ ነው። ጠባብ መንገድ ገቡ። በግራ በኩል አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አጭር አጥር፣ የዛገ የብረት በር። መጋረጃ ሰፊዋ ማርሹን ሳተች፤ መኪናው አቃሰተ። ፍሬን ደግሞ ለእሷ ብሎ ሌሊቱን ያሰናዳው አዲስ ስድብ ነበረው፤ ረጅም ነው፣ ይኮራበታል። ሲወርድባት ፊቷን ለማየት ጓጓና ሙሉ ሰውነቱን ወደ እሷ አዞረ። ሲዞር እግሩ ከፍሬኑ ላይ ተነሣ። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

«አንቺ ከመስኮቱ የሚያጥር፣ ከበሩ የሚረዝም፣ ለየትኛውም ቤት የማይሆን...»

ጓ! አለ በሩ፤ በጀርባው ተዘረረ።

ፍሬን እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ። ጠብ ያውቃል። አሁን «ዕውር ነህ እንዴ?» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ «ዕውሩ በሩን እዚህ ያቆመው ነው!» ይላል። መልሱ አፉ ውስጥ ተሰናድቶ ተቀምጧል። ለጸሎት የተሰበሰቡ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች እየሮጡ ወጡ። ከሁሉ ፊት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በሁለት እጃቸው ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አንጠልጥለው።

«ተጎዳችሁ?» አሉ።

«ዕውሩ በሩን...» አለና ቆመ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ እሱ አልነበረም።

«ቁጭ በሉ፣ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ። ሻይ አምጡላቸው! ስኳር ጨምሩበት፣ ደንግጠዋል!»

መጋረጃ ሰፊዋ በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አለቀሰች። ጆሮዎቹ ሰፋፊ የሆኑ አንድ ወጣት፣ መጋቢው ነኝ ብሎ ከተዋወቃቸው በኋላ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር በሩን አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «ዝጎ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ። «እኛ ነን በጊዜ ያልጠገንነው።»

ፍሬን ሻዩን ይዞ ዙሪያውን በዓይኑ ቃኘ። ማንም አልጮኸም። ይህ ጤነኛ ነገር አይደለም። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ይፈልጋሉ አለ በልቡ፤ ምን እንደሆነ ሳልደርስበት አልቀርም።

እናም እሑድ ሄደ። ለማምለክ አይደለም፤ ለምርመራ።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከረገጠ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። ሚስቱን በቀበረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ልጁን በእጁ ይዞ አንድ ትልቅ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበር። የሚያወራው ሰው ስላጣ እግዚአብሔርን ፈልጎ። ገና ሲቀመጥ ከረባት ያሰረ ሰው ትከሻውን ነካ አደረገውና፣ በጣም በትህትና፣ «ይቅርታ፣ ይህ ወንበር የሰው ነው» አለው። ከኋላ ሲቆም ደግሞ አንዲት ሴት የልጅቷን ጭቃ የነካው ጫማ አየች፤ ከዚያ ወለሉን አየች፤ ከዚያ እሱን። አባትና ልጅ ወጡ። ሃያ ዓመት።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከባልዲና ከድስት የባሰ ስድብ ማለት ይኸው ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ ከረባት ያሰረ ስድብ። ያ ሰውዬ ያን ዕለት በጊዜ ገብቶ፣ አምልኮ፣ «አሜን» ብሎ፣ ምሳውን በደስታ እንደበላ ጥርጥር የለውም። አንድ ሐዘንተኛና አንዲት እናት የሌላት ልጅ ከደጅ መልሶ! ወንበሩ የሰው ከሆነ የመጣው ታዲያ ምን ነበር? ዛሬም እንዲህ የምታደርጉ አላችሁ፤ ታውቃላችሁ ራሳችሁን። ዙሩና ከኋላችሁ የቆመውን እዩ።

ይቺ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ልማድ አላት። ባለወንበሯ አሮጊት እሑድ እሑድ ሰው ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ከሰዉ ቁጥር አንድ አስበልጠው ወንበር ይደረድራሉ። ትርፏ ወንበር ከፊት፣ መተላለፊያው ዳር ነው የምትቀመጠው። የምትሆነው ለሚመጣው ሰው ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው ሲቀመጥባት ሮጠው ሌላ ያመጣሉ። ስለዚህ በዚያ ቤት ባዶ ወንበር ጠፍቶ አያውቅም፤ አሮጊቷም ቁጭ ብለው አያውቁም።

ፍሬን ትርፏ ላይ ተቀመጠ። መጋረጃ ሰፊዋን መዘምራን መካከል ቆማ ሲያያት ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በአምስት ቀን! እየተንቀጠቀጠችም አይደለም። መጋቢው መስበክ ጀመረ፤ ግሩም ይሰብካል፣ ግን ሲሞቀው ይፈጥናል። መታጠፊያ ላይ እንኳ አይቀንስም። ከሙሴ ወደ ጴጥሮስ፣ ከጴጥሮስ ወደ ዮናስ ሲከንፍ የፍሬን እግር ወለሉን ረገጠ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው አፉ አመለጠው።

«ፍሬን ያዝ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ፍሬን አሁን ያባርሩኛል ብሎ ኮፍያውን አነሣ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለ መጋቢው፣ ጆሮው ቀልቶ። «ባለቤቴም ሁልጊዜ ትለኛለች። ከጴጥሮስ ልድገመው?» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ተመስገን፣ ዮናስ ላይ ጥለኸኝ ነበር» አለ።

ሦስት እሑድ መረመረ። ሻዩን አሸተተ፤ ሻይ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ክፍል ከፍቶ አየ፤ መጥረጊያና ከበሮ ነው። መጋቢውን «ምንድነው የምትሸጡት?» ብሎ ጠየቀው፤ «የምንሸጠው የለንም፣ ጋሼ፤ በነፃ የተሰጠንን ነው የምንሰጠው» አለው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረው። በአራተኛው እሑድ ባለወንበሯ ወንበር ሲደራርቡ ጠብቆ ያዛቸው።

«እማማ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ከእኔ የምትፈልጉት ምንድነው?»

«እንድትቀመጥ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻይ አለ።»

«በራችሁን ገንጥያለሁ እኮ!»

«እሱማ ገንጥለሃል። ጌታችን እንኳ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው፤ አንተ በመኪና ገባህ። ችኩል ነህ፣ ልጄ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወንበሩን አስቀመጡ። «እኔ እዚህ ስመጣ ምን ገንጥዬ እንደመጣሁ ታውቃለህ? የእህቴን ትዳር። በዚህ ምላሴ። በሩማ ብረት ነው፤ ይበየዳል።»

«እና እዚህ ምን አሉዎት?»

«ወንበር ሰጡኝ። ሌላውን የሰማሁት ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው። ክርስቶስ የሞተልኝ ተስተካክዬ ስጨርስ አይደለም፤ እንደተበላሸሁ ነው። ቆሜ ቢነግሩኝ አልሰማም ነበር፤ እግሬን አሞኝ ነበር።»

ፍሬን ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ የገባው በተማሪው ወንበር በኩል ነው። መሪውን ያዘ። ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር፣ ከሥሩም ያቺን ያረጀች ፔዳል አየ። ያን ከረባት ያሰረ ሰው አሰበ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲረግመው ኖሯል። ከዚያ ከዚህች መኪና ወርደው ተመልሰው ያልመጡትን ተማሪዎቹን አሰበ፤ ስንቱን እሱ ራሱ ከወንበር አስነሥቷል!

«ጌታ ሆይ» አለ፤ መጸለይ ስለማያውቅ እንደ ትምህርት ነበር የሚናገረው። «ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን መኪና አቆምኩ፤ የራሴን አፍ ማቆም አልቻልኩም። ይቅር በለኝ። ናና እዚህ ከጎኔ ተቀመጥ። ተማሪው እኔ ልሁን። ያቺ ሁለተኛዋ ፍሬን ያንተ ትሁን።»

መስኮቱ ተንኳኳ። መጋረጃ ሰፊዋ ናት።

«ጋሼ፣ ዛሬም ትምህርት አለን እንዴ?»

እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «አንቺ መጋረጃ አይደለሽም።»

«ኧረ ጋሼ፣ መጋረጃስ ጥሩ ነገር ነው። እኔን ያስከፋኝ ባልዲው ነው።»

«ባልዲውንም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉ ማር ሆነ ብሎ የሚተርክላችሁ ካለ ውሸታም ነው። እንዲህ ዓይነት ምስክርነት እየሰሙ ስንቶቹ «እኔማ አልዳንኩም» ብለው ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው ቀርተዋል! ሰኞ ዕለት ገና ረፋድ ላይ ሁለት ሰው «መጥረጊያ» ብሏል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪናውን ያስቆማል፣ ይወርዳል፣ ሮጦ ይደርስና ይቅርታ ይጠይቃል። ከኋላው መንገዱ ይዘጋል፣ ጡሩምባው ይቀልጣል። አንዱማ ሊደበድበው የመጣ መስሎት ሦስት ፎቅ ሽቅብ ሮጠ። ፍሬንም ተከተለው። ጣሪያው ላይ ደረሰበት፤ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው በእጅ ምልክት ታረቁ። መሮጡ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ እየቆየ ስድቡ ቀነሰ። ጸጋም ነው፣ ጉልበቱም ነው።

በሩንም «እኔ ነኝ የምሠራው» ብሎ ድርቅ አለ። ብየዳ አያውቅም። መበየጃ ተዋሰ፣ በየደ፣ አቆመ። በሩ ጠማማ ወጣ፤ ልክ እንደ ልጁ ሹሩባ። ለመክፈት ሁለት ሰው በትከሻው ወደ ላይ ማንሣት አለበት። ምእመናኑም እሑድ እሑድ «ያ ሆ!» እያሉ ያነሡታል፤ አንድም ሰው አላማረረም።

«ለምን አትሰድቡኝም!» ብሎ ጮኸባቸው አንድ ቀን። «ጠማማ እኮ ነው!»

«ትከሻችን ጠነከረ፣ ጋሼ» አለው መጋቢው፤ ትከሻውን እያሸ።

ቅዳሜው ደረሰ። ልጁ መሪውን ይዛ፣ ሰዓቷን አስተካክላ፣ «ጀመርን» አለች። መድኃኒት ስትቆጥር እንዲያ የምትጠነቀቀው ልጅ መሪ ላይ ሌላ ሰው ናት። እግረኛ መንገድ ላይ ወጣች። የቆመ የመብራት ምሰሶን በጡሩምባ «ዞር በል» አለችው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዝናብ መጥረጊያውን አበራች፤ ፀሐይ ነው። በፍሬን ጉሮሮ ሙሉ ወጥ ቤት ተሰልፎ ይመጣ ጀመር። ድስቱ መጣ፤ ዋጠው። ባልዲው መጣ፤ ዋጠው። ቁም ሣጥን መጣ፤ እሱ ሲወርድ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የኔ ልጅ» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «ፍጥነቱን... በጣም በትንሹ... ደስ ካለሽ።»

ልጁ ገልመጥ አድርጋ አየችው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቷ ወጥቶ አያውቅም። አጎቷን መሰላት።

ሃምሳ ሦስት ደቂቃ አለፈ። ጠባቧ መንገድ ገቡ። ልጁ ማርሹን ሳተች፤ መኪናው አቃሰተ፤ ከዚያ ተስፈንጥሮ ሄደ። ያን ጊዜ በፍሬን ጉሮሮ የመጣውን ነገር ማንም ሰው ውጦት አያውቅም። ሙሉ ቤት ነው፤ ከነጣሪያው። ዓይኑን ጨፈነ፤ አገጩን በሁለት እጁ ያዘ፤ እግሮቹን ከወለሉ አንሥቶ ደረቱ ላይ ሰበሰበ፤ ያለችውን ጉልበት በሙሉ አፉ ላይ አዋላት። «ጌታ ሆይ፣ ያዝልኝ፣ ያዝልኝ፣ ያዝ...»

ጓ!

ጠማማው በር በጀርባው ተዘረረ።

ልጁ መሪውን እንደያዘች ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ድስቱን ነበር የምትጠብቀው።

«ተጎዳሽ?» አላት።

ዓይኗን ገለጠች። «ምን አልክ?»

«ተጎዳሽ ወይ? አንገትሽን እስቲ አዙሪው። ቀስ ብለሽ። እጅሽስ?»

ሰዎች እየሮጡ ወጡ። ባለወንበሯ ሦስት ወንበር አንጠልጥለው ከፊት ናቸው፤ ሁለት ለእነሱ፣ አንዷ ትርፍ። መጋቢው የወደቀውን በር አየና፣ «ተመስገን!» አለ ከልቡ። ወዲያው ደነገጠ። «ማለቴ፣ ስለ ተረፋችሁ ነው።» ከኋላው ግን ጥቂት ሰዎች ትከሻቸውን እያሹ አጨበጨቡ።

ፍሬን በሩን ቆሞ ተመለከተው። ብየዳው እንዳለ ለቋል። «ይህን በር የሠራው ድ...»

ልጁ ጣቷን አነሣች። «ሰባት ደቂቃ ይቀራል።»

«... ድካም የበዛበት ሰው ነው» አለ።

ሻይ ቀረበ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰባቱን ደቂቃ ጠበቁ። አሮጊቷ የልጅቷን ጫማ አዩ፤ ጎንበስ አሉና የተፈታውን ማሰሪያ አሰሩላት። ልጅቷ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ፍሬን ግን ለምን እንደሆነ አውቋል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አለቀ» አለች ሰዓቷን አይታ። «አሁን በል። ያፈንከውን ሁሉ አውጣው።»

አፉን ከፈተ። ቢፈልግ ቢፈልግ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው።

«ሻዩ ስኳር በዝቶበታል» አለ።

ሳቅ የምትቆጥበው ልጅ ሻዩ ከአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። «ፍሬኑን ግን ለምን አልያዝክም?»

«እንዲይዝልኝ የለመንኩት የአፌን ብቻ ነበር» አለ። «እሱ የሱን ይዞልኛል። የመኪናውን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሰርጉ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በሩ ከዚያ ወዲህ አልተሠራም፤ በጉባኤ ተመክሮ «ይቅርብን» ተባለ። የሙሽራው አባት መጡና መኪናቸውን ደጁ ላይ አንጋድደው አቆሙ፤ ሁለት ቦታ ይዘው። ምእመናኑ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፍሬን ሄደ፤ የመኪናቸውን በር ከፈተላቸው፤ «ያን ዕለት ስለ ተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ፤ እንኳን ደህና መጡ» አለ። እሳቸውም፣ «ኧረ ተወው፤ ፍራሽ ምቹ ነገር ነው» አሉት። አጎትየው ከፊት ተቀምጦ ወንበሩን ስለ ከበደው ይቅርታ እየጠየቀ ነበር።

መዝሙሩ ሲጀመር ፍሬን የልጁን እጅ ይዞ ገባ። ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይቆማል። ሁለት እርምጃ፣ ደግሞ ይቆማል። መጋረጃ ሰፊዋና መዘምራኑ ያንኑ አዝማች አራት ጊዜ ደገሙት። ሙሽራው ከፊት ቆሞ ላቡን ጠረገ።

«አባዬ» አለች ልጁ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ፍሬኑን ልቀቀው።»

«እሺ» አለ።

እስኪደርሱ ድረስ አልለቀቀም።